ፊንሌይ መዝሙር ማውረድ ያቆመበት ዓመት

ታንጋ፣ ሉዊስ ደሴት
ማርች 12 ቀን 1986

እህት ዓለም ኤፊ፣

ትናንት ስልኩን አንስቶ ዝም ያለሽ ሌባ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ዶሊና በጎቹን ልታይ ወጥታ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ እጄ በልማዱ አነሳው፤ ካነሳሁት በኋላ ነው የምመልስበት እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ሦስት ጊዜ «ሃሎ» አልሽ። እኔ እጀታውን በጥፍሬ ቆረቆርኩልሽ። «አንተ ባለጌ!» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ይቅርታ እህቴ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ የቀመስኩት ደህና ቁጣ ያንቺ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሌላው ሰው ሁሉ እንደ ታመመ ሕፃን ነው የሚያባብለኝ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የእኔና የአንቺ ጨዋታ በፖስታ ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ሙሉ በሙሉ ነው ያወጡት። ዶሊና «ትንሽ ቁስል ነው» ብላ የጻፈችልሽ ያኔ አንቺም ዳሌሽ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስለነበርሽ ነው፤ አትቀየሚያት። ዕጢው ማንቁርቴን ይዞት ነበር። ኢንቨርነስ ያለው ሐኪም ዙሪያ ጥምጥም የማያውቅ ሰው ነው፤ «ወይ ድምፅዎን ወይ ራስዎን ይምረጡ» አለኝ። አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ ባለች፣ የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ቀዳዳ ነው። ለመነጋገሪያ ዶሊና የትምህርት ቤት ሰሌዳ በገመድ አድርጋ አንጠልጥላልኛለች። እኔ ጽፌ ሳልጨርስ እሷ መልሳ ትጨርሳለች። «በትዳራችን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አፍህን ዝጋ ስልህ እንዲህ ማለቴ አልነበረም» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሽመናው አልቆመም። መቀመጫዬ ላይ ወጥቼ ፔዳሉን መርገጥ ድምፅ አይጠይቅም። ድሮ ግን እየሸመንኩ የእሑዱን ዜማ እለማመድ ነበር፤ አሁን እንጨቱ ብቻውን ሲንኳኳ ይውላል።

ቤተ ክርስቲያን ሄድክ ወይ ላልሽው፣ ገና ነኝ። ቀዳዳዋ ሳል ታስከትላለች፤ ሰው እረብሻለሁ ብዬ ነው። የእኛን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ኦርጋን የለን፣ ሌላ መሣሪያ የለን፤ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ የመዝሙሩን መስመር ካላወረደ ሕዝቡ የሚቀበለው ነገር የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አሁን ማን ያወርዳል ላልሽው፣ አንገስ። የትኛው አንገስ እንዳትይኝ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር አንገስ ነው። ሰውየው ደግ ነው። ድምፁ ግን ከፍ ሊል ሲል ማርሽ ሲቀይር ይሰማል።

ሌላ ሌላውን አትጠይቂኝ። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ መባል ስላለበት ነው የምለው።

ወንድምሽ ፊንሌይ


ግላስጎው
ማርች 20 ቀን

ወንድም ዓለም፣

ባለጌ ያልኩህን አላነሳውም። አንድ ቀን ሊጠቅምህ ይችላል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ፤ በሁለተኛው ዶሊናን ተቀየምኳት፤ በሦስተኛው አንተን ያዝኩህ። ስለ ቀዳዳዋ ጻፍክ፤ ስለ ሰሌዳው ጻፍክ፤ ስለ አንገስ ማርሽ ጻፍክ። ስለ ራስህ የጻፍከው ግን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው፤ እሷም ደስ አላለችኝም።

ሳሉን ተወኝ። ለመሆኑ የማን ቤተ ክርስቲያን ነው ሳል የሌለበት? ልጆች ሆነን ከስብከቱ ይልቅ ሳሉ አይበዛም ነበር? የኔ ጌታ፣ አንተን ያስቀረህ ሳል አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሕዝቡ ፊትህን ሰጥተህ ተቀምጠህ ኖረሃል፤ አሁን ከሕዝቡ መሀል ሆነህ የሌላ ሰው ፊት ማየት ነው የከበደህ። እውነቴን ካልሆነ ጽፈህ ስደበኝ። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ ካንተ ሌላ የሚሰድበኝም የለም።

ማን ይቆጣሃል ብዬ ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንተ ስጸልይ ነው የማድረው ብልህ ይሻል ነበር። እሱንም አድርጌዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አይደለም፤ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ስለ እኔ ባትጠይቅም ልንገርህ። ደህና ነኝ። ዳሌዬ ገጥሟል፤ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ልጄ ካሉም በየሳምንቱ ይመጣል፤ የሚበላ ያመጣልኛል፤ ያወራኛል፤ ሰዓቱን ያያል። ፖስታው ጀርባ ላይ ያለውን አድራሻ ልብ በል፤ ከድሮው ይለያል። ለጊዜው ነው።

እሑድ ሂድ።

ኤፊ


ታንጋ
ጁን 2 ቀን 1986

እህት ዓለም፣

ይኸው ሄድኩልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ብዙ እሑድ አኩርፌሽ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ዶሊና ኮቴን ብሩሽ መትታ በሩ ላይ ሰቀለችው። ለበስኩትና ተከተልኳት።

በሩ አጠገብ ከኋላ ተቀመጥኩ። እንዴት ነበር ላልሽው፣ ሰው ደግ ነው። የማይጨብጠኝ አልነበረም። ግማሾቹ እኔን ሲያናግሩኝ ጮክ ብለው ነው፤ የጠፋው ድምፄ ሳይሆን ጆሮዬ ይመስላቸዋል ማለት ነው። አሮጊቷ ሞራግ ደግሞ እሷም እንደኔ በምልክት ታወራኝ ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሁለታችንም እጃችንን ስናወናጭፍ ያየ ሰው ተጣልተዋል ሳይል አልቀረም።

ለብርዱ ጊዜ አድርቀን የምናነድደውን የማገዶ አፈር ከረግረጉ ቆርጠን ጨርሰናል። እንዴት ቻልክ ብለሽ ትጨነቂ ይሆናል። አንገስ ነው የመጣው። ማንም አልጠራውም። አንድ ቅዳሜ አውቶቡሱን አቁሞ አካፋውን ከእጄ ወሰደና «እርስዎ ይደርድሩ፣ እኔ ልቁረጥ» ብሎኝ እስኪመሽ ቆረጠ። ዶሊና ሦስት ሳህን ሾርባ አጠጣችው።

ሌላው አዲስ ነገር፣ ቄስ ጊሊስ ቤታችን መጡ። «ፊንሌይ፣ ድምፅዎ ቢሄድም ጆሮዎ አለ» አሉኝ። «በየሳምንቱ የትኛው መዝሙር በየትኛው ዜማ እንደሚወርድ እርስዎ ይምረጡልን። ጽፈው ከፊት ወንበሩ ላይ ያስቀምጡለት፤ አንገስ እሱን ያወርዳል።» ሥራ እንዳልፈታ ብለው ነው፤ ገብቶኛል። ዶሊናም ደስ አላት።

አንገስ ሃያ ያህል ዜማ ያውቃል፤ አጥርቶ የያዘው አሥራ አምስቱን ነው። ወንድ አያታችን ከባሕር ማዶ ያመጣት ያቺ ረጅሟ ዜማ ትዝ ትልሻለች? ሦስተኛው መስመር ላይ ድንገት ወደ ላይ የምትወጣዋ? ልጅ ሆነሽ «መሰላል» ትያት ነበር። ለፊታችን እሑድ እሷን መርጫለሁ።

ፊንሌይ


ታንጋ
ጁን 27 ቀን

ኤፊ፣

ዶሊና አስቀድማ ጽፋልሻለችና እኔ ምን እደግማለሁ። አዎ፣ እንደነገረችሽ ነው። አንገስ ሦስተኛው መስመር ላይ ወጥቶ መመለሻው ጠፋው። ደገመው፤ አሁንም ጠፋው። ሕዝቡ ምን እንደሚቀበል አጥቶ ዝም አለ። ቄስ ጊሊስ የቀረውን በንባብ ጨረሱት። አዎ፣ ከዚያ ወዲህ አንገስ «ሁለተኛ ከፊት ወንበር አልቀመጥም» ብሏል። አሁን ቄሱ መዝሙሩን ያነብባሉ፤ ሕዝቡ እንደ ነገሩ ያንጎራጉራል።

አንገስ ያቺን ዜማ አጥርቶ እንደማይዛት ታውቅ ነበር ወይ ብለሽ ላልሽው፣ አትጠይቂኝ።

ሸምኜ ያልጨረስኩት የጨርቅ ጥቅልል አለ። ልሂድ።

ፊንሌይ


ግላስጎው
ጁላይ 15 ቀን

ወንድሜ ፊንሌይ፣

አትጠይቂኝ ስትል መልሰህልኛል። እሺ፣ አልጠይቅህም። አንተ እስክትናገር ድረስ እኔ የራሴን ልናገር፤ እኔም የደበቅኩህ ነገር አለ።

አድራሻዬ የተለወጠው ለጊዜው አይደለም። ቤቴ ተሸጧል። ካሉም ፌብሩዋሪ ላይ ነው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ያስገባኝ። «እማዬ፣ ደረጃውን ከእንግዲህ አትችይውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልችለውም። እውነት መሆኑ ግን ንዴቴን አልቀነሰልኝም። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው። አንተ ገና ከቢላዋ ተርፈህ መጥተህ እንዴት ይህን ልጻፍልህ?

ከግድግዳዬ ወዲያ ሚስ ኢሶቤል የሚሏት ሴት አለች። ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ድሮ አስተማሪ ነበረች፤ ዓይኗ ጠፍቷል። ከቁርስ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ። ግን እየተበሳጨሁ ነበር የማነብላት። ይኸውልህ፣ የኔ ኃጢአት፤ ቶሎ ልገላገል ብዬ እየዘለልኩ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለት ቁጥር፣ በኋላ ግማሽ ምዕራፍ። የማታይ ሴት ናት፤ ማን ያውቅብኛል?

ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረግኩ። አንድ ቀን ጨርሼ ስዘጋው እጄን ያዘችና «ኤፊ፣ ዛሬ የዘለልሽው በጣም የምወደው ነበር» አለችኝ። ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች! ሦስት ሳምንት ሙሉ የዘለልኩትን በሆዷ እየሞላች ስታዳምጠኝ ኖራለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «አዲስ መጤ መሆንሽን አውቃለሁ፤ እኔም የመጣሁ ሰሞን ክፉ ነበርኩ» አለችኝ። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ነርሷ ሮጣ መጣች።

ለምን እንዳደረግኩት ብዙ አሰብኩ። ስንፍና አልነበረም። ከቤቴ ስላወጡኝ ሌላውም ሰው አንድ ነገር እንዲጎድልበት ፈልጌ ነው። ማንም ይሁን ማን፤ ብቻ እንዲጎድልበት። ይህን ለራሴ ካመንኩ በኋላ ግን፣ ፊንሌይ፣ ይቺ ክፍል ሰፋችልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሳልዘልል አነባለሁ። ሰባ ዓመት ያለፍኩባቸውን ቃላት ለአንዲት ዓይነ ስውር ሴት ስል ቀስ ብዬ አነበብኳቸው፤ እንደ አዲስ ነው የገቡኝ። ከቤቴ ባልወጣ ኖሮ አላገኛትም ነበር። እግዚአብሔርን አመሰገንኩት፤ የምሬን።

የኔ ይኸው። ያንተን በፈለግክበት ጊዜ ጻፍልኝ።

እህትህ ኤፊ


ታንጋ
ሴፕቴምበር 9 ቀን

እህት ዓለም ኤፊ፣

አውቅ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ይቺን ቃል ለመጻፍ ስታገል ነው መልስ የዘገየብሽ። ይቅር በዪኝ። አሁን ከወጣችልኝ ሁሉንም ልንገርሽ። አንገስ «መሰላል»ን እንደማይችላት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አንድ ጊዜ ሊማራት እኔ ዘንድ መጥቶ ሦስተኛው መስመር እንዴት እንዳስቸገረው ዓይቻለሁ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን «ይህን አልችልም» ብሎ ይለውጠው ነበር። የእኔ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ ግን አምኖኝ ወጣ። ይህንንም አውቅ ነበር።

ሲወድቅ ምን ተሰማህ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ከዚህ በላይ ምን ትጠይቂኛለሽ? ደስ አለኝ ኤፊ። አንድ ትንፋሽ ለምታህል ጊዜ ደስ አለኝ። «ይኸው፣ ያለ እኔ አይሆንም» አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀና ስል የአንገስን ማጅራት አየሁት፤ ቀልቶ ነበር። ማገዶዬን የቆረጠልኝ ሰው ማጅራት።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የእግዚአብሔርን ምስጋና ለሕዝብ ሳወርድ ኖሬያለሁ። ድምፄ ሲሄድ ከሥሩ ምን እንደነበረ አየሁት፤ መልካም ነገር አይደለም።

ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከአጥሩ በር ተመለስኩ። አፍ ያለው ሰው ሲፈራ ስለ አየሩ ይጀምራል፤ ሰሌዳ ላይ ስለ አየሩ ጽፈሽ እንዴት ትጀምሪያለሽ? የጻፍሽው ነገር ፊትሽ ተቀምጦ ያይሻል።

አሁን የጌታ እራት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከሌሎቹ መንደሮች እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ዶሊና ለዘጠኝ ሰው ፍራሽ እያሰናዳች ነው። አውራጅ ስለሌለን ከሌላ ደብር ልንዋስ ነው፤ በእኔ ምክንያት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደ ማዕዱ ለሚቀርቡት ሰዎች የመግቢያ ምልክቷን፣ ያቺን ትንሿን ብረት፣ በእጃቸው ይሰጣሉ። ይህን በሆዴ ይዤ እጄን አልዘረጋም። ዘንድሮ ከማዕዱ እቀራለሁ። ለዶሊና አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ፊንሌይ


ግላስጎው
ሴፕቴምበር 18 ቀን

ወንድሜ፣

ስላመንከኝ ተባረክ። አልተጠየፍኩህም። እኔም ዘላይ ነኝ።

ግን አንድ ነገር ልበልህ፤ ከማዕዱ መቅረት ንስሐ አይደለም፣ ኩርፊያ ነው። ማርች ላይ ከቤተ ክርስቲያን ያስቀረህ ሳል ነው መልኩን ለውጦ የመጣው። አንተ ስትቀር አንገስ ምን ያተርፋል? እሱ አሁንም አልችልም ብሎ እንዳመነ ነው። አልችልም ያሰኘኸው አንተ መሆንህን ሳያውቅ ሊሞት ነው?

አንገስ ቤት ሂድ። ከአጥሩ በር አትመለስ። ጠመኔ መያዝህን አትርሳ።

ለዶሊና አልነግርም። ግን እሷ አታውቅም ብለህ ታስባለህ? ሠላሳ ስምንት ዓመት!

ኤፊ


ታንጋ
ኦክቶበር 7 ቀን 1986

የኔ እህት፣ የኔ ተቆጪ፣

ትናንት ማታ የመጨረሻው እንግዳ ሄደ፤ ዶሊና ፍራሾቹ ላይ ተኝታለች፣ በሁሉም ላይ በአንዴ። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንገስ ቤት ሄድኩ። ከአጥሩ በር አልተመለስኩም፤ አንኳኳሁ። አልነበረም፣ አውቶቡስ ላይ ነው። ሚስቱ «መልእክት ካለዎት ይጻፉልኝ» ብላ ሰሌዳዬን አየች። ለሚስቱ እንዴት ልጻፈው? ራሴን ነቅንቄ መጣሁ። እንግዲህ ይኸው፣ ሞከርኩ፣ አልሆነም አልኩ። ሐሙስ የጾሙ ቀን አለፈ። ዓርብ ደረሰ።

የዓርቡን ነገር ሳትረሺው አትቀሪም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ ጥያቄ ያቀርባል፤ ከዚያ እንግዳው ቄስ ወንዶቹን በየስማቸው ያስነሳሉ፤ የተጠራው ሰው ከገዛ ሕይወቱ ይናገራል። ስሙ ተጠርቶ እምቢ ያለ ሰው በታንጋ ታይቶ አይታወቅም። የዘንድሮው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጌታ የቀጣው ሰውና እንዲሁ የተጎዳ ሰው በምን ይለያሉ?»

እንግዳው ቄስ ከስካይ ደሴት የመጡ፣ ሰማንያ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። የተናጋሪዎቹ ስም ዝርዝር የተሰጣቸው የአምናው ነበር። ማንም ልብ አላለውም። ሦስት ሰው ከተናገረ በኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው «ፊንሌይ ማካውሌይ» አሉ።

ቄስ ጊሊስ ሊነግሯቸው ብድግ አሉ። እኔ ግን ቀድሜ ተነስቼ ነበር፤ ስምሽ ሲጠራ መነሳት ነው፤ እግሬ እኔን አላማከረም። ሽማግሌው «ጮክ በል ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አሉ።

ኤፊ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ ብልሽ እውነት አይደለም። ከመታመሜ ጀምሮ እንደዚያ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም። ከኪሴ ደብተር አወጣሁ፤ ቆሜ አራት መስመር ጻፍኩ። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ላንብብልህ ብሎ እጁን ዘረጋ። አልፌው ሄድኩ። አንገስ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ደብተሩን ለእሱ ሰጠሁት።

ተነስቶ ማንበብ ጀመረ። «ጌታ የቀጣው ሰው ለሌላው መራራት ይማራል። እንዲሁ የተጎዳ ሰው ግን ሌላውም እንዲጎድልበት ይፈልጋል። እኔ እስከ ዛሬ እንዲሁ የተጎዳሁ ነኝ።» ሁለተኛዋ ካንቺ የተሰረቀች ናት፤ ይቅርታ። እዚያ ሲደርስ አንገስ ንባቡን አቆመ። አራተኛዋን በዓይኑ አነበባት። ማጅራቱ ያኔ እንደቀላው ቀላ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋና «የቀረው ጽሑፉ አይነበብም» አለ።

ሸፈነኝ። ሕዝብ ፊት ያዋረድኩት ሰው ሕዝብ ፊት ሸፈነኝ።

እንግዳው ቄስ «ይበቃል፣ ተባረክ» አሉኝ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። በጣቴ ደብተሩን አሳየሁት። «ይቀመጡ ጋሼ፣ ይተዉት» አለኝ በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅሁ። እንደገና አሳየሁት። «እርስዎ ሰውዬ፣ ድምፅ ሳይኖርዎትም አይረቱም» አለና ከፈተው። አነበበው፤ «ጁን ላይ አንገስ እንዲወድቅ ዜማውን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

እኔ ወለሉን እያየሁ ነው። አንገስ አልተቀመጠም። ስሙ ሳይጠራ ተናገረ፤ ይህም በታንጋ ታይቶ አይታወቅም። «እኔም ከተጎዱት ወገን ነኝ» አለ። «ዜማውን ለምን እንደሰጡኝ የዚያኑ ዕለት ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ እየወረደባቸው ሦስት ጊዜ መቆሚያው ላይ አይቻቸው አውቶቡሱን ሳላቆም አልፌያለሁ። አንዴ እንዲያውም ኩሬ ፈልጌ ነው የነዳሁት።»

እኔ ደግሞ አላየኝም ብዬ ነበር! የሞላው ኩሬ ደረቴ ድረስ ነው የረጨኝ፤ ዶሊና ኮቴን ሁለት ቀን ነው ያደረቀችው። ሰው በዓርብ ስብሰባ አይስቅም፤ ታውቂዋለሽ። የሴቶቹ ወንበር ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው ቄስ ወደ ቄስ ጊሊስ ዘንበል ብለው «ምን አለ?» አሉ። ቄስ ጊሊስ በጆሯቸው ነገሯቸው። ሽማግሌው «ሌላ ሰው አልጠራም፤ ጥያቄው ተመልሷል» ብለው መጽሐፉን ዘጉ።

ደጅ ላይ አንገስ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሁለታችንም አልተናገርንም፤ እሱ እንኳን ይችል ነበር። ዶሊና መጥታ «ይሄ ነገር ሁለት ወንዶችን አራት ወር ነው የፈጀው?» አለችና ሁለታችንንም ለሾርባ ነዳችን። ታውቅ ነበር፤ እንዳልሽው።

ቅዳሜ እጄን ዘረጋሁ። ምልክቷን ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ናት፤ እስክትሞቅ ድረስ በመዳፌ ያዝኳት።

እሑድ የተዋስነው አውራጅ ለማዕዱ መዝሙር ሲነሳ ቄስ ጊሊስ በእጃቸው አስቀመጡትና አንገስን አዩት። አንገስ እኔን አየኝ። በራሴ ምልክት ሰጠሁት። ወጣ። የሚያውቃትን ቀላል ዜማ ጀመረ። ማርሹ አሁንም ይሰማል፤ አልዋሽሽም።

እኔ ማዕዱ ላይ ከዶሊና ጎን ተቀምጫለሁ። ኤፊ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መስመሯን አውርጄ ሕዝቡ ሲቀበል እኔ ለሚቀጥለው ትንፋሽ እሰበስብ ነበር። ቃሉ ይጥፋኝ ይሆን፣ ከፍ አድርጌ ጀምሬ ይሆን፣ ነገሬ ሁሉ እሱ ነበር። ሕዝቡ ሲቀበል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እሑድ ሰማሁት። ከኋላ ጀመረ፣ ከአሮጊቶቹ ዘንድ። ከዚያ በሁለቱም ጎን መጣ፤ እያንዳንዱ በራሱ አካሄድ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ደረሰ። ወንበሩ ጀርባዬ ላይ ተንቀጠቀጠ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ከቀዳዳዋ ትንፋሽ ወጣ፤ ሌላ ምንም የለም። ማንም አልሰማኝም፤ ዝማሬውም አልጎደለም። ዶሊና ሳል የመጣብኝ መስሏት መሀረብ ሰጠችኝ። ዓይኔን ጠረግኩበት።

ነገ ድምፅህን ልመልስልህ ቢለኝ አይ ይቅርብኝ እላለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ሮጬ ነው የምቀበለው። ግን ሳልታመም፣ እዚያ ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ያንን ሳልሰማ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እደነግጣለሁ። ተመስገን ኤፊ። ተመስገን።

ወንድምሽ ፊንሌይ